ጂሜይላችሁን ማን ከፈተላችሁ? ስለ ፓስወርድ ቀለል ያለ ማብራሪያ

ደብረ ብርሃን ይሁን ሸዋ ሮቢት፣ ሞባይል ቤት ውስጥ የሚሆነው ነገር ያው ነው። ገዢው ስልክ ይመርጣል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ይከፍላል። ሻጩ ስልኩን አብርቶ «ጂሜይል አለህ?» ይለዋል። የለውም። «ችግር የለም፣ እኔ እከፍትልሃለሁ።» ሁለት ደቂቃም አይፈጅበት። ፓስወርዱን አንዳንዱ የገዢውን ስልክ ቁጥር ያደርገዋል። አንዳንዱ ደግሞ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ የሚሰጠው አንድ የተለመደ ፓስወርድ አለው። ገዢው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ደነባ ይሳፈራል። ፓስወርዱን አልጠየቀም፤ የነገረውም የለም። ስልኩ እስከሠራ ድረስ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ሻጩ ክፉ አስቦ አይደለም። ደንበኛውን ቶሎ መሸኘት ነው የፈለገው። ነገር ግን ያ ጂሜይል ፕሌይ ስቶር መክፈቻ ብቻ አይደለም። ፎቶው እዚያ ይቀመጣል። የወዳጅ ዘመድ ስልክ ቁጥር እዚያ ይቀመጣል። ነገ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ሲከፈት በዚያው ጂሜይል ይከፈታል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው «ፓስወርዴን ረሳሁ» የሚለውን ቢነካ፣ አዲስ መግቢያ የሚላከው ወደዚያው ጂሜይል ነው። ስለዚህ ኢሜይሉ በሰው እጅ ያለበት ሰው፣ ሌሎቹም አካውንቶች አብረው በሰው እጅ ናቸው።

ሌላም ጣጣ አለ። ፓተርን ረስቶ ስልኩን በግድ ፎርማት ያስደረገ ሰው ምን እንደሚገጥመው የሞባይል ጥገና ባለሙያ ጠይቁ። አንድሮይድ ስልክ እንዲህ ከተደረገ በኋላ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው የቀድሞውን ጂሜይል ወይም የቀድሞውን መቆለፊያ ነው። ይህ የተሠራው የተሰረቀ ስልክ ለሌባው እንዳይጠቅም ነው። ፓስወርዱን የማያውቅ ባለቤት ግን ከሌባው እኩል ይታገዳል።

ስለዚህ ስለ ጠንካራ ፓስወርድ ከማውራታችን በፊት ስልካችሁን አንሱ። ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ጎግል የሚለውን ክፈቱ፤ ከዚያ «Manage your Google Account» የሚለውን፣ ቀጥሎም ሴኩሪቲ የሚለውን። ፓስወርዱን ቀይሩ። መልሶ ማግኛ ተብሎ የተመዘገበው ስልክና ኢሜይል የማን እንደሆነ እዩ፤ የድሮ ጓደኛ ቁጥር ወይም የሻጩ ቁጥር ተቀምጦ ብታገኙ አትገረሙ። አካውንቱ የተከፈተባቸው መሣሪያዎች ዝርዝርም እዚያው አለ። የማታውቁት ስልክ ካለ አስወጡት። የድሮውን ፓስወርድ አናውቅም ብላችሁ አትጨነቁ። አካውንቱ በእጃችሁ ባለው ስልክ ላይ ክፍት ከሆነ፣ «ረሳሁ» ብላችሁ በስልኩ መቆለፊያ አዲስ ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል።

አዲሱ ምን ይሁን ታዲያ?

ሰው ፓስወርድ አውጣ ሲባል የሚመጣለት የማይረሳው ነገር ነው። የማይረሳው ደግሞ ጎረቤቱም የሚያውቀውን ነው። የልጅ ስም፣ የታቦት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክ ቁጥር፣ ከኋላው 1234። የአባት ስም እንኳን እኛ ዘንድ ምስጢር መሆን አይችልም። ፌስቡክ ላይ ከስማችን ቀጥሎ ተጽፎ ነው የሚዞረው።

በፒን እንጀምር፤ ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ። ባለ አራት አሃዝ የኤቲኤም ፒን 10,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል። የተወለዳችሁበትን ቀንና ወር ካደረጋችሁት ግን የሚቀረው 366 ብቻ ነው። 12 ወር በ30፣ ከጳጉሜን ስድስት ቀን ጋር ማለት ነው። ባለ ስድስት አሃዙ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ዓይነት ሊሆን ይችላል። እሱንም ቀን፣ ወርና የዓመተ ምህረቱ የመጨረሻ ሁለት ቁጥር ካደረጋችሁት፣ እስከ 80 ዓመት ያለውን ሰው ሁሉ ብንቆጥር እንኳ 29,280 ይሆናል። ከሚሊዮኑ ሦስት በመቶ አይሞላም። ይህም ገማቹ ጨርሶ ካላወቃችሁ ነው። መታወቂያችሁን ላየ ሰው አንድ ሙከራ ይበቃዋል፤ መታወቂያው ደግሞ ከኤቲኤም ካርዱ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ነው ያለው።

አራት ወይም ስድስት አሃዝ ብቻ ሆኖ ፒን እንዴት ይበቃል? ማሽኑ ስለሚቆጥር ነው። ጥቂት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ይቆልፋል። ስለዚህ ከልደት ቀን፣ ከ1234 እና ከስልክ ቁጥር የራቀ ፒን ለኤቲኤምም ሆነ ለሞባይል ገንዘብ በቂ ነው። የድረ ገጽ ፓስወርድ ግን ሌላ ዓይነት አደጋ አለበት። ገማቹ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ማንም ሳይቆጥርበት ሊገምት ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብለን እንየው።

በደንብ የተሠራ ድረ ገጽ ፓስወርዳችሁን እንዳለ አያስቀምጥም። በሒሳብ ፈጭቶ ነው የሚያስቀምጠው። ወፍጮ ቤት አስቡ። ገብስ ይገባል፣ ዱቄት ይወጣል። ዱቄቱን መልሶ ገብስ ማድረግ አይቻልም። ያው ገብስ በገባ ቁጥር ግን ያው ዱቄት ይወጣል። አካውንታችሁን ስትከፍቱ የጻፋችሁት ይፈጫል፣ ዱቄቱ ከተቀመጠው ጋር ይተያያል፣ ከገጠመ ትገባላችሁ። ድረ ገጹ ራሱ ፓስወርዳችሁን አያውቀውም ማለት ነው። «ረሳሁ» ስትሉ የድሮውን ከመንገር ይልቅ አዲስ አውጡ የሚላችሁም ለዚህ ነው። የድሮውን ፓስወርድ በኢሜይል ጽፎ የላከላችሁ ድረ ገጽ ካለ እዚያ ቤት ምንም ቁም ነገር አታስቀምጡ።

ሌቦች ድረ ገጹን ሰብረው ሲገቡ የሚዘርፉት ዱቄቱን ነው። ወደ ገብስ አይመልሱትም። ወፍጮው ምን ዓይነት እንደሆነ ግን ያውቃሉ። ስለዚህ አንድ ቃል ያወጣሉ፣ ይፈጫሉ፣ ያስተያያሉ። ሌላ ቃል ያወጣሉ፣ ይፈጫሉ፣ ያስተያያሉ። የሚቆጥር የለም፣ የሚቆልፍባቸውም የለም። ፓስወርዱ የተፈጨው ኤምዲ5 በሚባለው አሮጌና ፈጣን ስልት ከሆነ፣ ለጌም የሚገዛ አንድ ኃይለኛ ግራፊክስ ካርድ በሴኮንድ ከ100 ቢሊዮን በላይ ሙከራ ያደርጋል።

በሴኮንድ 100 ቢሊዮን ብለን እናስላው። በዘፈቀደ የወጡ ስምንት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት 208 ቢሊዮን ያህል ዓይነት ይሆናሉ። ሁሉንም ለመሞከር ሁለት ሴኮንድ። እነዚያኑ ስምንቱን በትልቅ ፊደል፣ በቁጥርና በምልክት ብታዥጎረጉሯቸው 18 ሰዓት ይፈጃሉ። አሁን ምልክቱን ሁሉ ተዉትና በትንንሽ ፊደል ብቻ ወደ 12 አስረዝሙት። 11 ቀን ይሆናል። ወደ 16 ስታስረዝሙት ከ13,000 ዓመት ያልፋል። አራት ፊደል ጨምራችሁ ከቀን ወደ ሺህ ዓመታት ሄዳችሁ ማለት ነው። የቃለ አጋኖና የመሰላል ምልክት መጨመር ያለውን ያህል ይጠቅማል፤ ርዝመት ግን እጅግ ይበልጠዋል።

ጥሩ ድረ ገጾች ሆን ተብሎ እንዲንቀራፈፍ የተሠራ ወፍጮ ይጠቀማሉ። ያ ከሆነ ገማቹ በሴኮንድ የሚሞክረው ቁጥር በጣም ይወርዳል። ችግሩ እናንተ ከውጭ ሆናችሁ የማን ወፍጮ ምን ዓይነት እንደሆነ ማየት አለመቻላችሁ ነው። ስለዚህ የከፋውን አስባችሁ ተዘጋጁ።

ደግሞ ይህ ሁሉ ሒሳብ በዘፈቀደ ለወጣ ፓስወርድ ነው። ገማቾች ከመጀመሪያው ፊደል ተነስተው ተራ በተራ አይሄዱም። መጀመሪያ የሚሞክሩት ከዚህ በፊት ሰዎች ሲጠቀሙበት የተገኘውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ የሚባል ኩባንያ ተዘርፎ 32 ሚሊዮን ፓስወርድ ወጣ። ምንም ያልተፈጨ፣ እንዳለ የተቀመጠ ነበር። ከሁሉ በላይ የተደጋገመው 123456 ነው። ያ ዝርዝር እስከ ዛሬ ድረስ የገማቾች መነሻ ሆኖ ያገለግላል። የእናንተ ፓስወርድ ከዝርዝሩ ከተገኘ፣ ርዝመቱን ማንም አይቆጥርላችሁም።

ከአጭር ፓስወርድ የባሰው ግን ተደጋጋሚው ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ትልቁ ችግራችን እሱ ነው። አንዲት ተማሪ የነፃ ትምህርት ዕድል የሚያስተዋውቅ የማይታወቅ ድረ ገጽ ላይ ተመዘገበች እንበል። ኢሜይሏን ሞላች፣ ፓስወርድ ሲላት ያንኑ የጂሜይሏን ጻፈች። ያ ድረ ገጽ ነገ ቢዘረፍ፣ ወይም ባለቤቱ ራሱ ሌባ ቢሆን፣ ኢሜይሏም ፓስወርዷም ጎን ለጎን ተጽፈው ይገኛሉ። እነዚህን ጥንዶች እየወሰደ ጂሜይል ላይ፣ ፌስቡክ ላይ፣ ሌላም ቦታ የሚሞክር ፕሮግራም አለ። መገመት እንኳ አያስፈልገውም።

ይህ ደግሞ የኮምፒውተር ዕውቀት የሌለውን ሰው ብቻ የሚያጠቃ ነገር አይደለም። የሰውን ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው ድሮፕቦክስ እ.ኤ.አ. በ2012 ራሱ እንዳሳወቀው፣ ከሌላ ድረ ገጽ በተሰረቀ ፓስወርድ የአንድ ሠራተኛው አካውንት ተከፍቶ የደንበኞች ኢሜይል አድራሻ ያለበት ሰነድ ወጥቷል። በዚያው ዓመት ሰዎች ለሥራ ጉዳይ የሚገናኙበት ድረ ገጽ ሊንክድኢን ተዘረፈ። መጀመሪያ 6.5 ሚሊዮን ያህል ነው ተባለ፤ ከአራት ዓመት በኋላ የ117 ሚሊዮን ሰው ኢሜይልና ፓስወርድ ለሽያጭ ቀረበ። አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ ፓስወርድ ሌላ ቦታ ሲጠቀም የቆየ ሰው ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ለእያንዳንዱ አካውንት የተለየና ረጅም ፓስወርድ ያስፈልጋል ስል «ማን ሊያስታውሰው!» እንደምትሉ አውቃለሁ። አታስታውሱት። ልታስታውሱ የሚገባችሁ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ሌላውን ማሽን ያውጣው፣ ማሽን ያስቀምጠው።

የምታስታውሱትን እንዲህ አውጡት። አርኖልድ ራይንሆልድ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ዘዴ አለ፤ ዳይስዌር ይባላል። 7,776 ቃላት በቁጥር ተደርድረዋል። በሉዶ የምንጫወትበትን ዳይስ አምስት ጊዜ ትጥሉና የወጣው ቁጥር ወደ አንድ ቃል ይመራችኋል። ስድስት ቃል እስኪሞላ ትደጋግማላችሁ። የዘዴው ጥበብ ቃሉን እናንተ አለመምረጣችሁ ነው። ሰው ሲመርጥ የሚወደውን ይመርጣል፤ የሚወደው ደግሞ ይታወቅበታል። የቃል ዝርዝሩን ካላገኛችሁ ወፍራም መዝገበ ቃላት ይዛችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ገለጥ አድርጉና ጣታችሁ ያረፈበትን ቃል ያዙ። እንደ ዳይሱ ትክክለኛ ዕጣ አይደለም፤ ከጭንቅላት ከማውጣት ግን በብዙ ይሻላል። «ይሄ ቃል አያምርም» ብላችሁ አትቀይሩት።

ለምሳሌ ድጅኖ፣ ጉም፣ ማሰሮ፣ ስድብ፣ ኩርኩም፣ ሳንቲም። እንዲህ ያለውን ነገር ሁለት ቀን ደጋግማችሁ ከጻፋችሁት አይረሳም። (ይህንኑ ግን አትውሰዱ፤ አሁን ሁሉም አንብቦታል።) የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ቢሆን ይሻላል። በአማርኛ ፊደል ስትጽፉ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የትኛውን እንደተጠቀማችሁ መርሳት አለ። ከዚያም በላይ በሰው ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ላታገኙ ትችላላችሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆን ሁላችንም አማርኛን የምንጽፈው በየራሳችን መንገድ ስለሆነ ለገማቹ ተጨማሪ ራስ ምታት ነው። ብቻ እንዴት እንደጻፋችሁት አንድ ጊዜ ወስኑ።

ተረትና ምሳሌ፣ የዳዊት መዝሙር፣ የዘፈን ግጥም አታድርጉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ረጅም ነው፤ ግን የሁሉም ነው።

ሌሎቹን ፓስወርዶች ለፓስወርድ ማኔጀር ስጡት፤ ፓስወርድ አውጥቶ፣ ቆልፎ የሚያስቀምጥላችሁ ፕሮግራም ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ የጎግል አብሮ ይመጣል። ቢትዋርደን በነፃ ይሠራል። ኪፓስዲኤክስ ደግሞ ሁሉንም በተቆለፈ አንድ ፋይል ስልካችሁ ላይ ያስቀምጣል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኔትወርክ በሚጠፋበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ይመቻል። ነገር ግን ስልኩ ከጠፋ ፋይሉም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ኮፒውን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ የእናንተ ኃላፊነት ነው። ማኔጀሩ ሌላም የማይወራለት ጥቅም አለው። የተመዘገበውን ድረ ገጽ አድራሻ ስለሚያውቅ፣ ፌስቡክ የሚመስል የውሸት ገጽ ሲመጣ ፓስወርዱን አይሞላም። ዓይናችን ይታለላል፤ እሱ አድራሻውን ፊደል በፊደል ነው የሚያየው።

ማኔጀር የማይሆንላቸው ሰዎች አሉ። እናታችሁ ለምሳሌ። ለእሳቸው ደብተር ግዙላቸው። ፓስወርድ ወረቀት ላይ አይጻፍም የሚባለው ምክር ለቢሮ ሰው ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፎ ለሚሄደው። መንዝ ቤታቸው ሳጥን ውስጥ ያለ ደብተር ላይ ከባሕር ማዶ ያለ ዘራፊ አይደርስም። በየቦታው የተደጋገመ አንድ ፓስወርድ ላይ ግን ይደርሳል። ደብተሩ ከስልኩ ተለይቶ ይቀመጥ እንጂ የስልክ ከቨር ውስጥ ታጥፎ አይግባ። የቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅም ደብተር አይደለም፤ ቴሌግራሙ ሲያዝ አብሮ ይያዛል።

ስለ ቴሌግራም ካነሳን፣ እሱ ሲጀመር በፓስወርድ አይደለም የሚከፈተው። በስልክ ቁጥርና በሚላክ ኮድ ነው። ኮዱን ያገኘ ሰው ይገባል። ለዚህ ነው ከምታውቁት ሰው አካውንት «ውድድር ላይ ነኝ፣ ምረጭኝ፤ የሚመጣልሽን ቁጥር ላኪልኝ» የሚል መልእክት የሚመጣው። ያ ቁጥር የእናንተው ቴሌግራም መክፈቻ ነው። ላኪው ወዳጃችሁ አይደለም፤ የወዳጃችሁን አካውንት ቀድሞ የወሰደው ሰው ነው። ቀጥሎ በእናንተ ስም ለዘመዶቻችሁ «አስቸኳይ ነው፣ ትንሽ ብር ላኩልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» ይላል። በስልክም ይመጣሉ። «እማማ፣ ከባንክ ነው የምንደውለው፤ ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን የሚመጣልዎትን ኮድ ያንብቡልኝ።» ኮድ ወደ ስልካችሁ የሚመጣው እናንተ እንድትጽፉት ነው። ለሰው እንድታነቡት የሚጠይቅ ሁሉ፣ ድምፁ የቱንም ያህል ትሁት ቢሆን፣ ሌባ ነው።

ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ በሚለው ሥር ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አለ። እሱን ክፈቱና ፓስወርድ አስገቡ። ከዚያ በኋላ ኮዱን ያገኘ ሰው ፓስወርዱንም ካላወቀ አይገባም። መልሶ ማግኛ ኢሜይል ሲጠይቃችሁ አትዝለሉት፤ ፓስወርዱን የረሳችሁ ቀን የምትፈልጉት እሱን ነው።

ለጂሜይልና ለፌስቡክም እንዲሁ ሁለተኛ ማረጋገጫ አለ። በኤስኤምኤስ የሚላከው ከምንም ይሻላል፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ግን መልእክቱ አልደርስ ብሎ ያስጨንቃል። ኦተንቲኬተር የሚባለው አፕ ከዚህ ይገላግላል። በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየር ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ያወጣል፤ ኢንተርኔትም ኔትወርክም አይፈልግም። ቁጥሩን የሚያሰላው ስልኩ ውስጥ ካለ ምስጢርና ከሰዓቱ ነው።

ከሰዓቱ ስል እኛን የሚነካ ነገር አለ። አንዳንዱ ሰው ስልኩ የሀገራችንን ሰዓት እንዲያሳይ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ያዞረዋል። እንዲህ የተደረገ ስልክ ላይ ኦተንቲኬተሩ የሚያወጣው ቁጥር ሁልጊዜ ስህተት ነው፤ ሰዎች ግን አፑ ተበላሸ ብለው ያጠፉታል። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መልሱት። የሀበሻ ሰዓት የሚያሳይ ለብቻው አፕ አለ።

ጎግል ሁለተኛ ማረጋገጫ ስትከፍቱ አሥር መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። ስልኩ ቢጠፋ የምትገቡት በእነሱ ነውና ደብተሩ ላይ ገልብጧቸው።

በየሦስት ወሩ ፓስወርድ ቀይሩ የሚለው ትእዛዝ ብዙ መሥሪያ ቤት አሁንም አለ። ምክሩን እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ሰነድ ላይ የጻፈው ቢል በር (Bill Burr) የሚባል ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተቋሙ ራሱ ምክሩን ተወው፤ ቢል በርም በጻፈው እንደሚጸጸት ለጋዜጣ ተናገረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በየጊዜው ቀይር የተባለ ሰው መጨረሻ ላይ ያለውን 2016 ወደ 2017 ነው የሚቀይረው። ወጣ ወይም ሌላ ሰው አወቀው ብላችሁ ስትጠረጥሩ ግን በዚያው ሰዓት ቀይሩ። ሀቭ አይ ቢን ፖውንድ (haveibeenpwned.com) የሚባለው ድረ ገጽ፣ ትሮይ ሀንት የሚባል አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው፣ ኢሜይላችሁን ስታስገቡ ከታወቁት ዝርፊያዎች የትኛው ውስጥ እንዳለ ያሳያችኋል። ኢሜይል ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ማየት አለባችሁ፤ ሲም ካርዱ በማን ስም ነው? ገጠር ያሉ ብዙ ወላጆች የያዙት ቁጥር በልጅ ወይም በጎረቤት ስም የወጣ ነው። ስልኩ ሲጠፋ ቁጥሩን መልሶ ማውጣት የሚችለው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። እሱ ዱባይ ሄዶ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት ቁጥር ደግሞ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ አዲሱ ባለቤት የቴሌግራም ኮድ ቢጠይቅ ወደ እሱ ነው የሚሄደው። ቁጥሩን በራሳቸው ስም ያዙሩላቸው፤ ሰውየው ካለ ሁለቱም መታወቂያ ይዘው አብረው ይሂዱ። የተዋችሁት አሮጌ ቁጥር ካለም ከጂሜይሉ፣ ከፌስቡኩና ከቴሌግራሙ ላይ አውጥታችሁ አሁን በእጃችሁ ያለውን አስገቡ።